የዋግ ፀሐይና የካርቦን አመድ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ነዳጅ የመለወጥ ሳይንስ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር ፀሐይ ብርቅ አይደለችም። ክረምቱ አጭር ነው፤ ዝናቡ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ጠቅለል ብሎ ይዘንብና መስከረም ከገባ በኋላ ከሰቆጣ ደጋማ ተራሮች እስከ አበርገሌና ዝቋላ ቆላ ድረስ ሰማዩ ለወራት ይጠራል። በሰሜን ኢትዮጵያ ከፍታማ ምድር በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ በቀን በአማካይ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በዚሁ ምድር እንጀራ የሚጋገረው ግን በአብዛኛው በእንጨትና በኩበት ነው። ተራራው በተራቆተ ቁጥር እናቶችና ልጃገረዶች ማገዶ ፍለጋ የሚጓዙት መንገድ ይረዝማል። ወደ ማሳ ተመልሶ አፈሩን ማዳበር የነበረበት ኩበትም በምድጃ ውስጥ ያልቃል።

የሚነደው እንጨት ራሱ የፀሐይ ሥራ ነው። ቅጠል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ከሥሩ ውሃን፣ ከሰማይ ብርሃንን ወስዶ ስኳር ይሠራል፤ ስኳሩም ግንድና ቅርንጫፍ ይሆናል። ዛፉ በዓመታት ያከማቸውን ኃይል ምድጃው በሰዓታት ውስጥ ይጨርሰውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ይመለሳል። ታዲያ የቅጠሉን ሥራ ያለ ቅጠል፣ ዛፉ የሚጠይቀውን ዓመታትም ሳይጠብቁ መሥራት ይቻላልን? ኬሚስቶች ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት የኖሩት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱም በላቦራቶሪ ደረጃ «ይቻላል» የሚል ነው። ከላቦራቶሪው በር እስከ ሰቆጣ ጓዳ ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ግን በቁጥር መታየት ይኖርበታል።

የነዳጅ አመድ

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የነዳጅ አመድ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በእንጨት፣ በቤንዚን ወይም በከሰል ውስጥ ያለው ካርቦን ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሙቀቱን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው እርሱ ነው። የተረጋጋ ውሕድ በመሆኑ በራሱ ፈቃድ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም። መልሶ ነዳጅ ለማድረግ ሲነድ የሰጠውን ኃይል በሙሉ፣ ከዚያም በላይ መክፈል ያስፈልጋል። ስለዚህ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ሆነ» የሚል ዜና ሲሰማ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ኃይሉ ከወዴት መጣ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ከፋዩ ብርሃን ነው።

ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። ከእርሾ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ ይሁንና እርሾ ሕይወት ያለውና የሚራባ ሲሆን ካታሊስት ግን ብዙውን ጊዜ ማዕድን ወይም ብረት ነው። በብርሃን የሚሠራው ካታሊስት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም እንደ ፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን የሚለቅ ቁስ ነው። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከስፍራው ሲያስነሣው በነበረበት ቦታ ጉድለት ይፈጠራል። ያ ጉድለት ከውሃ ኤሌክትሮን ነጥቆ ይሞላል፤ ውሃውም ኦክስጅን ይለቅቃል። የተነሣው ኤሌክትሮን በካታሊስቱ ገጽ ላይ ወዳረፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተሻገረ የነዳጅ ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን በቂ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ለማግኘት ሁለት፣ ሜታኖል ለማግኘት ስድስት፣ ሜቴን ለማግኘት ስምንት ኤሌክትሮኖች ተከታትለው በአንዱ ሞለኪውል ላይ መድረስ አለባቸው። ከተነሡት ኤሌክትሮኖች አብዛኞቹ ግን ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ጉድለታቸው ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ብርሃኑም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ከተረፉትም ውስጥ ብዙዎቹ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ይልቅ ውሃውን መርጠው ሃይድሮጅን ይሠራሉ፤ ይህኛው መንገድ ይቀልላቸዋልና።

ሐሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ጣሊያናዊው ኬሚስት ጃኮሞ ቻሚቻን እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር የድንጋይ ከሰል ዘመን እንደሚያልፍ፣ እስከዚያ የዕፅዋት ብቻ የነበረውንም ምሥጢር የሰው ልጅ እንደሚቆጣጠረው ተናግሯል። በተለይም ለእርሻ የማይመቹ ደረቅ አገሮች በመስታወት ቱቦዎች ተሸፍነው የፀሐይ ኬሚስትሪ መናኸሪያ እንደሚሆኑ አስቦ ነበር። ዝናብ አጠር የሆነ አካባቢ በዚህ ዘርፍ ጉድለቱ ሀብት ሊሆን እንደሚችል ከጠቆሙት ቀዳሚዎች አንዱ እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

እውነተኛው ሙከራ የመጣው ከስድሳ ዓመት በኋላ በጃፓን ነው። አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊከፍል እንደሚችል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ይህ ቁስ ለቀለምና ለጥርስ ሳሙና ንጣቱን የሚሰጠው ዱቄት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ቶሩ ኢኖዌ ከሁለቱና ከሳቶሺ ኮኒሺ ጋር ሆኖ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ጨምሮ የሴሚኮንዳክተር ዱቄቶችን በውሃ በጥብጦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳለፈባቸውና ብርሃን አበራባቸው። ፎርሚክ አሲድ፣ ፎርማልዴሃይድና ሜታኖል አገኘ። ዘርፉ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ርካሽና የማይበላሽ ቢሆንም የሚያየው ብርሃን ጥቂት ነው። የሚነቃው በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል የዚህ ጨረር ድርሻ ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው። የሚታየውን ብርሃን የሚጠቀሙ ሌሎች ቁሶች አሉ፤ እንደ ካድሚየም ሰልፋይድ ያሉት ግን በሥራ ላይ ሳሉ ይበላሻሉ፤ ካድሚየምም መርዛማ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃ ውስጥ እምብዛም አለመሟሟቱ ተጨማሪ ዕንቅፋት ነው።

በዚህ ዘርፍ የሚወጡ ጥናቶች ውጤታቸውን በአብዛኛው የሚለኩት አንድ ግራም ካታሊስት በአንድ ሰዓት ስንት ማይክሮሞል ሰጠ በሚል ነው። ለምሳሌ አንድ ዱቄት በግራም በሰዓት 10 ማይክሮሞል ሜታኖል ይሰጣል እንበል። አንድ ኪሎ ግራም የሚሆነው ይኸው ዱቄት ሁሉም እኩል ብርሃን አግኝቶ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ የሚያስገኘው 2.6 ግራም ገደማ ሜታኖል ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የጥናት ርእሶች «ሦስት እጥፍ ተሻሻለ»፣ «አሥር እጥፍ ጨመረ» ሲሉ አንባቢ ይህን መነሻ ልብ ሊል ይገባል፤ የአንድ ማንኪያ አሥር እጥፍ አሥር ማንኪያ ነው።

ምርቱ እንዲህ ጥቂት መሆኑ ሌላ መዘዝ አለው። ካታሊስቱ ሲሠራ በላዩ ላይ የቀረ የአልኮል ወይም የሌላ ካርቦናማ ቁስ ቅሪት በብርሃን ተሰባብሮ ሜታኖልና ሜቴን ሊያወጣ ይችላል፤ ተመራማሪውም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ላቦራቶሪዎች ካርቦን 13 የተባለውን ከባድ የካርቦን ዓይነት የያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገቡና በምርቱ ውስጥ ያው ካርቦን መገኘቱን ይፈትሻሉ። ይህ ፍተሻ ያልተደረገለትን ውጤት በጥርጣሬ ማየት ነውር አይደለም።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በብርሃን በሚሠሩ ካታሊስቶች ላይ የሚደረገው ምርምር በብዛት የሚያተኩረው ነዳጅ ላይ ሳይሆን ውሃን ከማቅለሚያ ኬሚካሎች በማጽዳት ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማፍረስ ከመሥራት ይቀልላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስና ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ፖሊመሮች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። ብርሃን ከቁስ ኤሌክትሮን የሚያስነሣበት መርሕ ለሁለቱም ዘርፎች አንድ ነው።

የሶስና ኃይሌ መንገድ

ከፀሐይና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ በመሥራት ታሪክ ውስጥ ጉልህ ስፍራ ያላት ኢትዮጵያዊ የተጓዘችው ግን በዱቄትና በውሃ መንገድ አይደለም። ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ የግዕዝ ጽሑፎች ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመትተው ሰውነታቸው ሽባ ከሆነ በኋላ ቤተሰቡ ከአገር ወጥቶ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኖረ። አባት በዚያ የብራና መጻሕፍትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ልጅ የቁስ ሳይንስ አጠናች፤ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አስተማረች፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮም በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት።

ሶስና፣ ተማሪዋ የነበረው ዊሊያም ቹዌና በስዊዘርላንድ የአልዶ ስታይንፌልድ ቡድን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ሥራ ሴሪየም ኦክሳይድ በተባለ ማዕድን ላይ የተመሠረተ ነው። ማዕድኑ በተከማቸ ብርሃን ከ1400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ከውስጡ ጥቂት ኦክስጅን ይለቅቃል፤ ቅርጹ ግን አይፈርስም። ሙቀቱ ወደ 900 ዲግሪ ዝቅ ሲልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነፍስበት የጎደለውን ኦክስጅን ከጋዙ ላይ መልሶ ይወስዳል፤ የሚወጣውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በጋዙ ፈንታ የውሃ እንፋሎት ቢገባ ሃይድሮጅን ይወጣል። ማዕድኑ እንደ ሳንባ ኦክስጅን እያስወጣና እያስገባ ይቀጥላል፤ በዚያ ሙከራ 500 ጊዜ ተመላልሶ ሠርቷል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ከሰል ያጋየ ሰው ሁሉ ሊፈራው የሚገባ ገዳይ ጋዝ ነው። ለኬሚስት ግን ከሃይድሮጅን ጋር ሲቀላቀል ሜታኖል፣ ቤንዚንና የአውሮፕላን ነዳጅ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው፤ ይህ የኋለኛው ሥራ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በፋብሪካ የሚታወቅ ነው።

በ2010ሩ ሙከራ ከገባው የብርሃን ኃይል ነዳጅ የሆነው ከመቶ 0.7 እስከ 0.8 ብቻ ነበር። ጥቂት ይመስላል። የሥራው ክብደት ግን ያለው ተመራማሪዎቹ ኃይሉ የት እንደባከነ በማሳየታቸው ላይ ነው፤ ያዘገያቸው በዋናነት የምድጃው መጠንና አሠራር እንጂ ኬሚስትሪው አልነበረም። ምድጃ ደግሞ የሚሻሻል ነገር ነው። የዙሪኩ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመክፈል ውጤታማነቱን ከመቶ 5 በላይ አደረሰው። በ2021 ባወጣው ሥራም በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባቆመው አነስተኛ መሣሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ውሃውንም በቀጥታ ከአየር ወስዶ በሰባት ሰዓት 32 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ማምረቱን አሳወቀ። ከዚሁ ቡድን የወጣው ሲንሂሊየን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 በጀርመን ዩሊኽ ከተማ የፀሐይ ነዳጅ ፋብሪካ አስመርቋል።

ሁለቱ መንገዶች የሚፈልጉት ሰማይ የተለያየ መሆኑም ሊታወቅ ይገባል። በብርሃን የሚሠራው ዱቄት በደመና የተበተነ ብርሃንም ይጠቅመዋል። የሶስና ምድጃ ግን መስታወት አሰባስቦ ሊያተኩረው የሚችል ቀጥተኛ ጨረር ይሻል። ከመስከረም እስከ ግንቦት እንደ ዋግ የጠራ ሰማይ ያለው አካባቢ ለዚህኛው መንገድ የተመቸ ነው።

በሰቆጣ ሒሳብ

አንድ ቤተሰብ በቀን አንድ ሊትር ሜታኖል ያነድዳል ብለን እንነሣ። በዚህ መጠን ውስጥ ያለው ኃይል 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በቀን በካሬ ሜትር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት በሚያርፍበት ስፍራ መሣሪያው ከመቶ 1 ውጤታማ ከሆነ 73 ካሬ ሜትር ይጠይቃል፤ ከመቶ 5 ከደረሰ 15 ካሬ ሜትር ይበቃዋል፤ ይህም ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ጣሪያ ያነሰ ነው። ውጤታማነቱ ከሺህ አንድ ቢሆን ግን ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ማልበስ የግድ ይላል።

ውሃውን በተመለከተ የዋግ አርሶ አደር የሚሰጋውን ያህል አያሰጋም። አንድ ኪሎ ግራም ሜታኖል ለመሥራት ወደ ነዳጁ የሚገባው ውሃ 1.1 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ፈታኙ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ለዚያው አንድ ኪሎ 1.4 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ያስፈልጋል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ከአሥር ሺህ እጅ አራት እጅ ገደማ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሰቆጣ አየሩ የሳሳ በመሆኑ አንድ ሜትር ኩብ የሚይዘው 0.6 ግራም አካባቢ ነው። አንዲት ቅንጣት ሳታመልጥ ብትሰበሰብ እንኳ ከ2200 ሜትር ኩብ በላይ አየር መጣራት አለበት። ይህ ራሱን የቻለ ማሽንና ኃይል ይጠይቃል።

የተከማቸ ጋዝ የሚገኝባቸው ቦታዎች የሉም ማለት ግን አይደለም። ጠላና ጠጅ ሲብላላ ጋኑ ውስጥ የሚንተከተከው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ አንድ ኪሎ አልኮል በተሠራ ቁጥር ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጋዝ ይወጣል። ከእንስሳት እበት የሚገኝ ባዮ ጋዝም ከሲሶ በላይ የሚሆነው ይኸው ጋዝ ነው። በከፍተኛ መጠን ደግሞ እንደ ፊንጫ ያሉ ኢታኖል የሚያመርቱ ስኳር ፋብሪካዎችና የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉ። ከአንድ ቶን ክሊንከር ላይ ከኖራ ድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ የጀመረውን የሰሜን ሸዋውን የለሚ ፋብሪካ የመሰለ ተቋም ለዚህ ቴክኖሎጂ ከሰቆጣ ጓዳ ይልቅ ቅርብ ነው። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ከከርሰ ምድር እንፋሎት የሚወጣውን ጋዝ፣ በኤሌክትሪክ ከውሃ ከተለየ ሃይድሮጅን ጋር በማዋሐድ በዓመት እስከ 4000 ቶን ሜታኖል ለማምረት የሚችል ፋብሪካ አለ። ብርሃኑን በቀጥታ ባይጠቀምም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ መሥራት ከላቦራቶሪ የወጣ ጉዳይ መሆኑን ያሳያል። የታላቁን የሕዳሴ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ላስመረቀች አገር ይህ ሦስተኛ መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው።

ለእንጀራ ምጣድ ግን የዛሬው መልስ ሌላ ነው። ከመቶ 20 የሚሠራ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ያንኑ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት አራት ወይም አምስት ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይህም 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስጋግራል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ቢሆን ከማንኛውም ካታሊስት ቀድሞ ጓዳ ይደርሳል። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተጠበቀ ተፋሰስ ደግሞ ቅጠል የተባለውን አሮጌ ካታሊስት ያለ ክፍያ ያሠራል።

ሜታኖል ከተገኘ የሚነድበት ምድጃ እንግዳ አይሆንም። ፕሮጀክት ጋይያ የተባለ ድርጅት ከፊንጫ በተገኘ ኢታኖል የሚሠሩ የአልኮል ምድጃዎችን በአዲስ አበባ ቤቶችና በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ሞክሯል፤ ምድጃው ሜታኖልም ማንደድ ይችላል። ነገር ግን ሜታኖል በመልኩም በሽታውም ከአረቄ ጋር ይመሳሰላልና ጥቂቱ እንኳ ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። አረቄ በሚወጣበት አገር ለቤት አገልግሎት ከመቅረቡ በፊት ቀለምና መራራ ጣዕም መጨመርና በልዩ ዕቃ ማሸግ ግድ ይሆናል።

ከኤሌክትሪክ ይልቅ ፈሳሽ ነዳጅ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ይቆያል። ባትሪ የቀንን ፀሐይ ለሌሊት ያሻግራል እንጂ የበጋን ፀሐይ ለክረምት አያሻግርም። በሚያዝያና በግንቦት ጠራራ የተሠራ ሜታኖል ግን በጀሪካን ታሽጎ፣ እንጨቱ ርሶ ኩበቱም አልደርቅ በሚልበት የነሐሴ ወር ሊነድ ይችላል።